የክላሲክ ሮክ አልበሞችን በቡድን አዳምጦ ደረጃ ማውጣት፦ ዝርዝር መመሪያ

የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች ተሰብስበው «ከሁሉም የሚበልጠው አልበም የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ጨዋታው ብዙ ሳይቆይ ከአልበሙ ይወጣል። አንዱ ስለሚወደው አንድ ዘፈን ይናገራል፣ ሌላው የጊታር ተጫዋቹን ችሎታ ያነሣል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሙዚቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማበትን ዘመን ያስታውሳል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የማይግባቡት ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እየተናገሩ ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ስለሚመስላቸው ነው። እኔና ጓደኞቼ በዚህ ዓይነት ለዓመታት ተከራክረናል፤ ሁልጊዜም ከጀመርንበት ሳንርቅ ተለያይተናል። ነገሩ የተለወጠው አንድ ደንብ ካወጣን በኋላ ነው፤ ደንቡም ደረጃ የሚሰጠው ለባንዱ፣ ለዝናው ወይም ለአንድ ዘፈን ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተሉ ለተሰማው አልበም ብቻ ነው የሚል ነበር። ከዚህ በታች የቀረቡት እርምጃዎች በሙሉ ይህን ደንብ በሥራ ለማዋል የሚረዱ ናቸው።

መመሪያው ከአምስት እስከ አሥር ሰዎች ላሉበት ቡድን የሚስማማ ሲሆን፣ ከጅምር እስከ ፍጻሜ ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ወሰኑን አስቀድሞ መስማማት

«ክላሲክ ሮክ» የሚለው ስም ሙዚቃው ሲሠራ አልነበረም። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩ የሮክ ዘፈኖችን ብቻ ማሰማት ሲጀምሩ ለዝግጅታቸው የሰጡት መጠሪያ ነው። ስለዚህ ስሙ በራሱ ድንበር አያሰምርም፤ የሚያሰምረው ቡድኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ቡድን ከ1965 እስከ 1980 ያለውን ጊዜ እመክራለሁ፤ በአንዱ ጫፍ የቦብ ዲለን «ሀይዌይ 61 ሪቪዚትድ»፣ በሌላው ጫፍ የኤሲዲሲ «ባክ ኢን ብላክ» ይገኛሉ።

ዓመት ሲወሰን የየትኛው አገር የመውጫ ቀን እንደሚቆጠር መጻፍ ያስፈልጋል። የዘ ክላሽ «ለንደን ኮሊንግ» በብሪታንያ የወጣው በዲሴምበር 1979፣ በአሜሪካ የወጣው በጃንዋሪ 1980 ነው፤ በዚህ ምክንያት «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ብዙ ሰው የ1970ዎቹ አድርጎ የሚያስበውን ይህን ሥራ የ1980ዎቹ ምርጥ አልበም ብሎ መርጦታል። ጥቂት ሳምንታት አንድን አልበም ከአንድ ዘመን ወደ ሌላ ሊያሻግሩት የሚችሉ ከሆነ፣ ደንቡ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት መጻፉ ግድ ነው።

ቀጥሎ የሚወሰነው የአልበሙ ዓይነት ነው። የምርጥ ዘፈኖች ስብስቦች መግባት የለባቸውም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው። የኢግልስ የ1976 ስብስብ በአሜሪካ ብቻ የ38 ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ በ2018 ሲያገኝ፣ የራሳቸው «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የ26 ሚሊዮን አግኝቷል። ስብስቡ በሽያጭ ቢበልጥም፣ ከተለያዩ አልበሞች የተለቀሙ ዘፈኖች የተደረደሩበት እንጂ ባንዱ እንደ አንድ ሥራ አስቦ ስቱዲዮ ገብቶ የሠራው አይደለም። የመድረክ ቅጂዎች ግን ሌላ ናቸው። የዘ ሁ «ላይቭ አት ሊድስ» (1970) እና የኦልማን ብራዘርስ «አት ፊልሞር ኢስት» (1971) የራሳቸው አካሄድና መንፈስ ስላላቸው፣ ከስቱዲዮ አልበሞች ጎን ለመቆም ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

2. የትኛው ኅትመት እንደሚደመጥ መወሰን

ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከሁሉ የበለጠ ጣጣ የሚያመጣው ግን እርሱ ነው። በ1960ዎቹ የብሪታንያ ባንዶች አልበሞች ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ የዘፈኖቻቸው ብዛትና ቅደም ተከተል ይቀየር ነበር። የቢትልስ «ሪቮልቨር» በ1966 በብሪታንያ ሲወጣ 14 ዘፈኖች ነበሩት፤ የአሜሪካው ኅትመት ግን 11 ብቻ ነበሩት፣ ምክንያቱም ሦስቱ አስቀድሞ በሌላ የአሜሪካ አልበም ላይ ወጥተው ነበር። የተቀነሱት ሦስቱም ጆን ሌነን በዋናነት የጻፋቸውና የሚዘፍናቸው ስለነበሩ፣ የአሜሪካውን ሸክላ ብቻ የሰማ ሰው በዚያ አልበም ላይ የሌነን ድርሻ ትንሽ ነው ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም። የጂሚ ሄንድሪክስ «አር ዩ ኤክስፒሪየንስድ» (1967) ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በብሪታንያ በነጠላ ዜማነት የወጡትና ከአልበሙ ውጪ የነበሩት ታዋቂ ዘፈኖች በአሜሪካው ኅትመት ውስጥ ገብተዋል።

ዛሬ በኢንተርኔት የሚገኙት ቅጂዎች ሌላ ችግር አላቸው፤ በአልበሙ መጨረሻ ላይ የሙከራ ቅጂዎችና በጊዜው የተጣሉ ዘፈኖች ይጨመሩባቸዋል። የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» በ1977 ሲወጣ ስቲቪ ኒክስ የጻፈችው «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ከአልበሙ ቀርቶ በአንድ ነጠላ ዜማ ጀርባ ላይ ወጥቶ ነበር፤ በኋላ በታተሙ አንዳንድ ቅጂዎች ግን ተመልሶ ገብቷል። ዘፈኑን እጅግ እወደዋለሁ፤ ቢሆንም ለደረጃው ሲባል መቆጠር የለበትም፣ ምክንያቱም የምንፈርደው በ1977 በወጣው አልበም ላይ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ መስመር ይጻፍ፦ የአልበሙ ስም፣ የባንዱ አገር የመጀመሪያ ኅትመት፣ የዘፈኖቹ ብዛት፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዘፈን። እያንዳንዱ አባል በስልኩ ላይ ያለውን ቅጂ ከዚህ መስመር ጋር አስተያይቶ ትርፍ ዘፈኖቹን አስቀድሞ ያውጣ። በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) እና በስቴሪዮ (በግራና በቀኝ በሁለት መስመር) የወጡ አልበሞችም እንዲሁ አንዱ ይመረጥላቸው። ቢትልስ በ1967 «ሰርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ሀርትስ ክለብ ባንድ»ን ሲሠሩ የተጨነቁበትና ራሳቸው ተገኝተው የተከታተሉት የሞኖውን ሚክሲንግ (ድምፆቹን አመጣጥኖ የማዋሐድ ሥራ) ነበር፤ አብዛኞቻችን የምናውቀው ደግሞ ስቴሪዮውን ነው። ቡድኑ የትኛውንም ይምረጥ፣ ሁሉም አንድ ዓይነቱን መስማታቸው ይበቃል።

3. የዕጩዎችን ዝርዝር ማዘጋጀት

እያንዳንዱ አባል ከሌሎቹ ጋር ሳይማከር አምስት አልበሞችን ጽፎ ያቅርብ። ዝርዝሮቹ ሲደመሩ በሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች የተጠቀሱት በቀጥታ ይግቡ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አባል በብቸኝነት ካቀረባቸው አንዱን የማስገባት መብት ይኑረው። የዝርዝሩ ጠቅላላ ቁጥር ከ12 ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበለጠ ደግሞ ጥቂት ድጋፍ ያገኙት ይቀነሱ። አሥራ ሁለት አልበሞችን በሚገባ መስማት ሃምሳ አልበሞችን በወሬ ከመመዘን እጅግ ይሻላል።

ከአንድ ባንድ ስንት አልበም ይግባ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ገደብ ከሌለ ቢትልስ ብቻቸውን «ሪቮልቨር»ን፣ «ሰርጀንት ፔፐርስ»ን፣ «ነጩ አልበም» የሚባለውንና «አቢ ሮድ»ን ይዘው ሲሶውን ቦታ ሊወስዱ ይችላሉ። ሁለት አልበም ተገቢ ወሰን ይመስለኛል፤ አንድ ብቻ ቢባል ግን የሮሊንግ ስቶንስ ወዳጆች ከ«ስቲኪ ፊንገርስ» (1971) እና ከ«ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት» (1972) አንዱን እንዲጥሉ ማስገደድ ይሆናል፣ እነዚህ ሁለት አልበሞች ደግሞ በባሕርያቸው በጣም የሚለያዩ ናቸው።

4. በትክክል ማዳመጥ

አብዛኞቻችን አልበምን እንደ አንድ ሥራ ለመስማት ልምዱ አነስተኛ መሆኑን መቀበል አለብን። «አቢ ሮድ» በወጣበት በ1969 አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር፣ ይታተሙ የነበሩት ሸክላዎች በአብዛኛው በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙ ባለ 45 ዙር ነበሩ። ሙሉ አልበም በስፋት ወደ ቤታችን የገባው በኋላ በካሴት ነው፤ ካሴት ያሳደገን ሰዎች ገጽ መገልበጥን እናውቃለን፣ ዛሬ በስልክ የሚያዳምጠው ወጣት ግን እንደገና ወደ ነጠላው ዘፈን ተመልሷል። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ቀላል ቢመስሉም ሊከበሩ ይገባል።

አልበሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆራረጥ፣ ዘፈን ሳይዘለልና ሌላ ሥራ ሳይሠራ ይደመጥ። የአንዱ ሸክላ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ ደቂቃ ብዙም ስለማይበልጥ ይህ ከባድ ሸክም አይደለም፤ የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» (1973) ሙሉውን 43 ደቂቃ ያህል ነው። የመጀመሪያው ገጽ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ማቆምም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሙዚቀኞቹ ያንን ዕረፍት አስበውበት ነው የሠሩት። በ«ዳርክ ሳይድ» የመጀመሪያው ገጽ በዘፋኟ ክሌር ቶሪ ቃል አልባ ጩኸት የተሞላው ዘፈን ጸጥ ሲል ያበቃል፤ ሸክላው ተገልብጦ ሁለተኛው ገጽ ሲጀምር የሚሰማው የሳንቲምና የገንዘብ መመዝገቢያ ድምፅ ነው። በመካከሉ ዝምታው ከሌለ ያ ድንጋጤ ግማሹ ይጠፋል። በአራተኛው የሌድ ዘፔሊን አልበም (1971) ደግሞ ስምንት ደቂቃ የሚወስደው «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» የተቀመጠው በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ አድማጩ እንዲተነፍስ ታስቦበታል፤ ስልኩ ግን ወዲያው ቀጣዩን ያስከትላል።

የድምፁ ከፍታ ለሁሉም አልበም እኩል ይሁን። ጆሯችን ከፍ ብሎ የተሰማውን የተሻለ አድርጎ የመውሰድ ጠባይ አለው፤ በቅርብ ጊዜ ማስተሪንጋቸው (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) የታደሰ ቅጂዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጥንቶቹ ከፍ ብለው ይሰማሉ። አልበም በተቀየረ ቁጥር ከፍታውን በጆሮ ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተደረገ ግን ፍርዱ በሙሉ ሊዛባ ይችላል።

እያንዳንዱ አልበም ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል ሁለት ሦስት ቀን ተሰጥቶት ይደመጥ። «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት»ን በተመለከተ ግን ሦስት ጊዜ ሳይሰማ ማንም ነጥብ ባይሰጥ ደስ ይለኛል። ባንዱ ከግብር ሸሽቶ ከብሪታንያ ወጥቶ በነበረበት በ1971፣ አብዛኛው ሥራ በደቡብ ፈረንሳይ በተከራዩት ኔልኮት በተባለ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቀርጿል። የሚክ ጃገር ድምፅ በመሣሪያዎቹ ውስጥ ተውጦ ስለሚሰማ፣ አሥራ ስምንቱ ዘፈኖች በመጀመሪያው ቀን አንድ የተድበሰበሰ ጫጫታ ይመስላሉ። ሲወጣም ሁሉም ሃያሲ አልተቀበለውም ነበር። በሁለተኛው ቀን ዘፈኖቹ መለያየት ይጀምራሉ፤ በሦስተኛው ደግሞ ያ ድብስብስነት የአልበሙ መልክ ራሱ መሆኑ ይገባል። በአንድ ጊዜ መስማት ብቻ የሚፈርድ ቡድን እንዲህ ያለውን ሥራ በግፍ ይጥለዋል።

5. ታሪኩን ማንበብ፣ ነገር ግን ከሰሙ በኋላ

ስለ አልበሙ አሠራር ማወቅ ጆሮን ይከፍታል፤ ቀድሞ ከተነበበ ግን ሰው የሰማውን ሳይሆን ያነበበውን ይደግማል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማዳመጥ በኋላና ከሁለተኛው በፊት ይነበብ። ለምሳሌ «ሰርጀንት ፔፐርስ» በአቢ ሮድ ስቱዲዮ የተቀረጸው አራት ትራክ (ለየብቻ የሚቀረጽ የድምፅ መስመር) ብቻ በሚይዙ መሣሪያዎች ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲንና ባልደረቦቹ አራቱ ሲሞሉ ወደ ሌላ ቴፕ ጨምቀው እያሻገሩ አዲስ ቦታ ይከፍቱ ነበር። ይህን ያወቀ ሰው በሁለተኛው ማዳመጥ ላይ የድምፆቹን ድርብርብ በሌላ አክብሮት ይሰማል። በአራተኛው የሌድ ዘፔሊን አልበም መዝጊያ ላይ ያለው የጆን ቦናም ከባድ የድራም ድምፅም የተገኘው ድራሙ ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ ቤት የደረጃ መውጫ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎኖቹ ከላይ ከደረጃው ተሰቅለው ስለተቀረጸ ነው።

ንባቡ የባለቤትነትን ጉዳይም ማካተት አለበት። ያው መዝጊያ ዘፈን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» በመነሻው የሜምፊስ ሚኒና የካንሳስ ጆ መኮይ ሥራ ሲሆን የተቀረጸው በ1929 ነው። የብሪታንያ የሮክ ባንዶች ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቀኞች የወሰዱት ብዙ ነው፤ አንዳንዱን በባለቤቶቹ ስም አስመዝግበዋል፣ አንዳንዱንም ሳያስመዘግቡ ቀርተው በኋላ በፍርድ ቤት ተከሰዋል። ይህ ነጥብ መቀነሻ ይሁን አይሁን ቡድኑ ይወስን። እኔ ነጥብ አልቀንስም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቅጂ ለቡድኑ ሳይሰማ ስለ ዘፈኑ አመንጪነት ማንም እንዲናገር አልፈቅድም።

6. መመዘኛዎቹንና ክብደታቸውን መወሰን

መመዘኛው ከአራት መብለጥ የለበትም፤ ሲበዛ ሰው ማዳመጡን ትቶ ሠንጠረዥ ወደ መሙላት ይሄዳል። የእኛ ቡድን ከመቶ የሚሰጠው እንዲህ ነው፦ ለአልበሙ አንድነት 40፣ ለዜማና ለግጥም 25፣ ለአጨዋወትና ለአዘፋፈን 20፣ ለቀረጻውና ለቅንብሩ 15።

አንድነት ማለት ዘፈኖቹ ሁሉ አንድ ታሪክ ይናገሩ ማለት አይደለም። የዘፈኖቹ አደራደር ትርጉም አለው ወይ፣ አንዱ ለሚቀጥለው ያዘጋጃል ወይ፣ ቢወጣ የማይጎዳ ዘፈን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። «ዳርክ ሳይድ» በልብ ትርታ ተጀምሮ በልብ ትርታ ያልቃል፤ ይህ ግልጽ የሆነ አንድነት ነው። የሌድ ዘፔሊን አራተኛው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ሁለት ከባድ ዘፈኖች ከተከታተሉ በኋላ በማንዶሊንና በዘፋኟ ሳንዲ ዴኒ ድምፅ የታጀበ ዘፈን ይመጣና ክፍሉን ጸጥ ያደርገዋል፤ «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» በለሆሳስ ሲጀምር አድማጩ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዘፈኑን ብቻውን በሬዲዮ የሰማ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። «ሩመርስ» ሲሠራ በባንዱ ውስጥ የነበሩት ጥንዶች እየተለያዩ ነበር፤ በአንዱ ዘፈን የቀረበው ክስ በሌላው ዘፈን መልስ ያገኛል፣ አምስቱም በደራሲነት የተመዘገቡበት ብቸኛው ዘፈን «ዘ ቼይን» ደግሞ የሁለተኛውን ገጽ በር ይከፍታል።

የአልበሙን ተጽዕኖ ሆን ብለን ከነጥቡ አውጥተነዋል። ተጽዕኖ ታላቅ ነገር ነው፤ ብራያን ዊልሰን የቢትልስን «ራበር ሶል» የአሜሪካ ኅትመት ሰምቶ ተነሣሥቶ የቢች ቦይስን «ፔት ሳውንድስ» (1966) ሠራ፣ ፖል ማካርትኒም በተራው «ፔት ሳውንድስ»ን ሰምቶ «ሰርጀንት ፔፐርስ»ን ሲሠራ በልቡ ይዞት ነበር። ነገር ግን ተጽዕኖ በነጥብ ከገባ ቀድሞ የወጣ አልበም ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ በተጨማሪም የሚለካው በማዳመጥ ሳይሆን በማንበብ ነው። ስለዚህ ሁለት አልበሞች እኩል ሲሆኑ መለያ እንዲሆን ብቻ ይቆይ። ቀረጻው ግን በዘመኑ መሣሪያ አቅም ይመዘን፤ አራት ትራክን ከሃያ አራት ትራክ ጋር ማወዳደር ፍትሕ አይደለም።

7. ከክርክሩ በፊት ፍርድን በጽሑፍ ማስቀመጥ

እያንዳንዱ አባል ነጥቦቹን፣ የራሱን ቅደም ተከተልና ለእያንዳንዱ አልበም ሁለት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ጽፎ ለአንድ ሰው በታሸገ ፖስታ ይስጥ። ይህ ካልሆነ በመጀመሪያ የተናገረው ሰው ሐሳብ የሌላውን ይስበዋል።

8. ክርክሩን መምራት

በአንድ ስብሰባ ከአራት አልበም በላይ አይነሣ። ለእያንዳንዱ አልበም በመጀመሪያ የሚናገረው ዝቅተኛ ደረጃ የሰጠው ሰው ይሁን፤ የሚናገረውም በአልበሙ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘውን ነው። ቀጥሎ ከፍተኛ ደረጃ የሰጠው ሰው የአልበሙን ደካማ ቦታ ይናገር። ተራው በዚህ መንገድ ሲገለበጥ ሁለቱም አልበሙን በእርግጥ እንደ ሰሙት ይታወቃል።

ዋናው ደንብ ግን አንድ ነው፦ የሚቀርበው ማስረጃ ሁሉ የሚሰማ ይሁን። «ሁለተኛው ገጽ ይደክማል» ያለ ሰው የሚደክምበትን ቦታ አውጥቶ ለቡድኑ ያሰማ። በእኛ ስብሰባ አንድ ወዳጃችን የዘ ሁን «ሁስ ኔክስት» (1971) «ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ዘፈን በቀር ባዶ ነው» ብሎ ነበር። የመካከሉን ዘፈኖች አንድ በአንድ እንዲያሰማን ስንጠይቀው፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ራሱ ቃሉን አነሣ፤ ማንም አልተከራከረውም።

ሽያጭና ሽልማት ማስረጃ አይሆኑም። «ዳርክ ሳይድ» ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት መቆየቱ አስደናቂ ነው፤ የሚነግረን ግን ሰው እንደ ወደደው እንጂ ለምን እንደ ወደደው አይደለም። የታዋቂ መጽሔቶች ዝርዝርም እንዲሁ። «ሮሊንግ ስቶን» በ2003 ባወጣው የ500 አልበሞች ዝርዝር «ሰርጀንት ፔፐርስ» አንደኛ ነበር፤ በ2020 አዲስ ድምፅ ሰጪዎች ተጠይቀው ሲዘጋጅ 24ኛ ሆነ፣ አንደኛነቱንም የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ወሰደ። በእነዚያ 17 ዓመታት በአልበሙ ላይ አንድም ኖታ አልተቀየረም፤ የተቀየሩት ፈራጆቹ ናቸው።

በእኛ ልማድ ታናሽ የታላቁን ቃል መቃወም ይከብደዋል። ጋሼ አንድ ጊዜ «ከሌድ ዘፔሊን በኋላ ሮክ የለም» ካሉ፣ በቡድኑ ውስጥ ያለው የሃያ ዓመት ወጣት ዝም ማለቱ የማይቀር ነው። መፍትሔው አክብሮቱን መተው ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ ከሁለቱ የመጀመሪያ ተናጋሪዎች በኋላ ተራው ሁልጊዜ ከዕድሜ ታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ይሂድ። ጋሼም መጨረሻ ላይ ሲናገሩ የሁሉንም ሐሳብ ሰምተው ስለሚሆን ንግግራቸው የበለጠ ይከብዳል።

9. ድምፅ መስጠትና መቁጠር

ክርክሩ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ቅደም ተከተሉን እንደገና ይጻፍ፤ መቀየርም ይችላል። የሚቆጠረው ይህ ቅደም ተከተል እንጂ ከመቶ የተሰጠው ነጥብ አይደለም። አንዱ ለወደደው 95 ሲሰጥ ሌላው ለወደደው 70 ስለሚሰጥ፣ ነጥቦቹ ቢደመሩ የለጋሱ ሰው ድምፅ የቁጥቡን ይውጠዋል።

ቆጠራውም «የመጀመሪያ ምርጫህ ማን ነው?» በሚለው ብቻ ከሆነ ያሳስታል። ለምሳሌ ሰባት ሰዎች ሦስት አልበሞችን እንዲህ ደረደሩ እንበል። ሦስቱ ሰዎች ሌድ ዘፔሊን አራትን፣ ቀጥሎ «ሪቮልቨር»ን፣ ቀጥሎ «ኤግዛይል»ን አስቀመጡ። ሁለቱ «ሪቮልቨር»፣ «ኤግዛይል»፣ ሌድ ዘፔሊን አሉ። የቀሩት ሁለቱ «ኤግዛይል»፣ «ሪቮልቨር»፣ ሌድ ዘፔሊን አሉ። በመጀመሪያ ምርጫ ብቻ ከተቆጠረ ሌድ ዘፔሊን በሦስት ድምፅ ያሸንፋል፤ ነገር ግን ከሰባቱ አራቱ በመጨረሻ ላይ ያስቀመጡት እርሱን ነው።

ፈረንሳዊው ዣን ሻርል ደ ቦርዳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያቀረበው ዘዴ ይህን ያቃናል። ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 2፣ ለሦስተኛ 1 ነጥብ ሲሰጥ፣ «ሪቮልቨር» 16፣ ሌድ ዘፔሊን 13፣ «ኤግዛይል»ም 13 ያገኛሉ። የአገሩ ሰውና የዘመኑ ባልንጀራ የሆነው ኮንዶርሴ ደግሞ አልበሞቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማጋጠምን መርጧል፤ በዚህም «ሪቮልቨር» ሌድ ዘፔሊንን 4 ለ 3፣ «ኤግዛይል»ን 5 ለ 2 ይረታል። ሁለቱ ዘዴዎች ሲስማሙ ቡድኑ በውጤቱ ሊተማመን ይችላል።

ለ12 አልበም በቦርዳ ዘዴ ከ12 ነጥብ እስከ 1 ይሰጣል፤ ሁለት ሁለት ማጋጠሙ 66 ግጥሚያ ስለሚሆን በኤክሴል ቢሠራ ይቀላል። ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ ደግሞ መልሶ ሀን የሚያሸንፍበት አዙሪት ሊያጋጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ በቦርዳ ድምር ይወሰን። እኩል ከሆኑ ወደ ጎን አስቀምጠነው የነበረው ተጽዕኖ ይነሣና እጅ በማውጣት ይለይ። አንድን አልበም ደንቡ በሚለው መጠን ያልሰማ ሰው ስለዚያ አልበም ድምፅ አይስጥ፤ የዚያ አልበም ነጥብም ለሰጡት ሰዎች ቁጥር ተካፍሎ በአማካይ ይያዝ።

10. ውጤቱን መዝግቦ ማቆየት

ከዝርዝሩ ጋር የድምፅ ሰጪዎቹ ቁጥር፣ ወሰኑ፣ የተደመጡት ኅትመቶችና የእያንዳንዱ ሰው የመጀመሪያና የሁለተኛ ወረቀት አብረው ይቀመጡ። ከሁለቱ ወረቀቶች ልዩነት ክርክሩ የትኛውን አልበም ከፍ፣ የትኛውንም ዝቅ እንዳደረገው ይታያል፤ ይህ ከአንደኛው ደረጃ ይልቅ ብዙ ይናገራል። በእኛ ቡድን ከፍ ያለው «ፔት ሳውንድስ» ነበር፤ ከዘጠነኛ ወደ ሦስተኛ የወጣው አንዲት ጓደኛችን የቤዝ ጊታሩን መስመር ብቻ ተከትለን እንድናዳምጠው ከጠየቀችን በኋላ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ የድሮውን ወረቀት ማንም ሳያይ እነዚያኑ 12 አልበሞች እንደገና ደርድሩ። በማንኛችሁም ወረቀት ላይ ሦስት ደረጃና ከዚያ በላይ የተንቀሳቀሰ አልበም ካለ፣ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ስብሰባ በእርሱ ይጀመር፤ ከመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ ዘፈን ጀምሮ።